ስለ ብድር መዝገብና ስለ ድሬዳዋ ትንንሽ ነጋዴዎች

የድሬዳዋ ከተማ ከንግድ የተወለደች መሆንዋ የታወቀ ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ከተማይቱ ተቈረቈረች፤ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም በኋላ ቅርንጫፍ ካቆመባቸው ስፍራዎች አንዲቱ እርስዋ ነበረች። ስለዚህ ብድርና ወለድ፥ ዋስና መያዣ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆኖም ባንክ እስከ ዛሬ ድረስ ደኅና አድርጎ የሚያውቀው የቤትና የሕንጻ ባለቤት የሆነውን ሰው ነው። በከፊራ ገበያ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴት፥ ወይም በታይዋን ገበያ ልብስ ዘርግቶ የሚውለው ጐልማሳ ለመያዣ የሚያቀርቡት ካርታ የላቸውም። ምስክር ግን አላጡም። የጅምላው ነጋዴ ዕቃ በዱቤ ሲሰጣት በደብተሩ ይጽፋል፤ በቀኑ መክፈልዋንም ያውቃል። የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ስንት ጊዜ ሳታጓድል እንደ ጣለች ያውቃሉ፤ ዕጣ ሲወጣላትም ዋስ ሳትጠራ ገንዘቡን አይሰጧትም። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከደብተሩ አልፎ ወደ ባንክ መስኮት አይደርስምና፥ ሃያ ዓመት ታምና የኖረች ሴት በአበዳሪው ፊት ትናንት እንደ መጣ መንገደኛ ትቈጠራለች። ከዚያ የሚቀራት አራጣ አበዳሪ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ቢከለክልም፥ አራጣ አበዳሪው ወለዱን ከዋናው ጋር ቀላቅሎ ያስፈርማልና ሕጉን አይፈራም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የብድር መረጃ ማዕከል ያቋቋመው ለአበዳሪዎች ዐይን እንዲሆናቸው ነው። ባንኮች ማን ምን ያህል እንደ ተበደረና እንዴት እንደ ከፈለ ለማዕከሉ ያስታውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸውም አስቀድሞ ይጠይቁታል። ከአንዱ ቤት ተበድሮ ሳይከፍል ወደ ሁለተኛው የሚሄደው ሰው በዚህ ይገለጣል። ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 የመጋዘን ዕቃ፥ ከብትና የሥራ መሣሪያ ለመያዣ እንዲሆኑ ፈቅዷል። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው።

የምንፈራው መዝገቡ የጥፋተኞች መዝገብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው። ክፉ ከፋይን ለመያዝ ብቻ ከተጻፈ፥ ለታማኙ ትንሽ ነጋዴ ምን ይጠቅመዋል? ጥቂት ብር ተበድሮ በየወሩ ሳያጓድል የከፈለ ሰው ያ ክፍያው ሁሉ ሊጻፍለት ይገባል፤ ወለድ በእምነቱ የተከለከለበትና ዕቃ በዱቤ የሚወስደው ደንበኛም እንዲሁ። ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ ነገር ተፈትናለች። በስልክ የሚሰጠው ጥቃቅን ብድር በተስፋፋ ጊዜ ብዙ ድኻ በጥቂት ሽልንግ ዕዳ ስሙ በክፉ መዝገብ ስለ ገባ፥ ማዕከላዊ ባንክዋ በ2012 ዓ.ም. ዕዳው ከ1,000 ሽልንግ በታች የሆነ ሰው እንዳይመዘገብ እስከ መከልከል ደረሰች።

የጸሐፊውም ጥንቃቄ ቀላል ነገር አይደለም። በድሬዳዋ አደባባይ ቆሞ «አሕመድ መሐመድ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ስንቱን ዞሮ ያስመለክታል! የአንዱ ዕዳ በሌላው ስም ቢጻፍ፥ ወይም ተከፍሎ ያለቀው ሳይሰረዝ ቢቀር፥ የሰው እንጀራ ይቋረጣል። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ የጸናው የፋይዳ ቍጥር ከስሙ ጋር ሊጻፍ ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን የማየትና የማሳረም መብት ሰጥቶታል፤ መብቱን የሚያውቀው ትንሽ ነጋዴ ግን ስንት ነው?

ምስጢርንም በሚመለከት ካህናት አንባቢዎቻችን ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የንስሐ አባት የሰማው ለነፍስ ጥቅም እንጂ ለወሬ እንዳልሆነ፥ የብድር መዝገብም ለአበዳሪው ፍርድ እንጂ ለጎረቤት መሳለቂያ አይደለም። ባለ ዕዳን በቤተ ዘመዱ ፊት ለማሳፈር መዝገቡን የሚገልጥ ሠራተኛ ቢገኝ ሊቀጣ ይገባዋል።

በድሬዳዋ ያሉት ባንኮችና የጥቃቅን ብድር ተቋሞች ክፍያውን ወሩ ሳያልፍ እንዲያስታውቁ፥ ዕዳውን ለጨረሰውም ሰው የምስክር ወረቀት በእጁ እንዲሰጡት እንጠይቃለን። የከተማው አስተዳደር ሹሞችም ሰው መዝገቡን የት ሄዶ እንደሚያይና ስሕተት ቢያገኝ ለማን እንደሚያመለክት የሚገልጽ ማስታወቂያ በየገበያው በር ይለጥፉ፤ ጽሑፉም በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሁን፤ የከፊራ ገበያ የሚገበያየው በሦስቱም ነውና።