ስለ ጎዳና መጨናነቅና ከሩቅ ስለ መለካት ጥበብ

በታላላቅ ከተሞች የአውቶሞቢል ብዛት ጎዳናውን ሲያስጨንቀው፤ ማናቸውም ሰው ምክንያቱን ወዲያው ያወቀ ይመስለዋል። አንዱ መንገዱ ጠበበ ይላል፤ ሌላው የነጂዎችን ሥነ ሥርዓት ማጣት ይወቅሳል፤ ሦስተኛውም በመስቀለኛው መንገድ የቆመውን ፖሊስ ያማርራል። ይህን ፍርድ የሚሰጠው ሰው ግን በወረፋው መካከል ተቀምጦ የአንድ መኪና ጀርባ ብቻ የሚያይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ሆነው የለኩት ሊቃውንት ያገኙትን ማስረዳት፤ ይልቁንም የጎዳና ገንዘብ በእጃቸው ለሚያልፍ ሹማምንት፤ የተገባ መስሎ ታይቶናል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ከሩቅ መለካት ማለት አንድን ነገር ሳይነኩ፤ ከእርሱ በሚመጣው ብርሃን ወይም ሞገድ ጠባዩን ማወቅ ነው። በጎዳና ዳር የመኪናን ፍጥነት የሚለካው ራዳር የሚሠራው፤ አውስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 ዓ.ም. በገለጸው ሕግ ነው፤ ይኸውም ጥሩምባውን እየነፋ የሚመጣ መኪና ድምፁ ሲቀርብ የሚቀጥንበት፤ ሲርቅ የሚወፍርበት ሕግ ነው። ነገር ግን የአንድ መኪና ፍጥነት የጎዳናውን ጠባይ አይናገርም።

የጎዳናን ጠባይ በፎቶግራፍ ከመረመሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ብሩስ ግሪንሺልድስ ነው። በኦሃዮ ግዛት ካሜራውን ከመንገዱ ራቅ አድርጎ በመትከል፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ሥዕል እያነሣ፤ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል መኪናው የሄደውን ርቀት ለካ። በ1935 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍም፤ መኪናው በጎዳናው ላይ በበዛ መጠን ፍጥነቱ እንደሚያንስ አሳየ። ይህን ማንም ያውቀዋል የሚል ሰው ሒሳቡን ይመልከት። በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ 20 መኪናዎች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፤ በአንድ ሰዓት 1,200 መኪና ያልፋል። በዚያው ኪሎ ሜትር 100 መኪናዎች ተጨናንቀው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ቢሳቡ ግን የሚያልፈው 600 ብቻ ነው። በዐይኑ የሚያይ ሰው ሁለተኛው ጎዳና ብዙ ሥራ የሚሠራ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ግማሹን ብቻ መሥራቱ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1955 ዓ.ም. በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄምስ ላይትሂልና ጄራልድ ዊትሃም ሁለት ጽሑፎች አሳተሙ። የመጀመሪያው በረዥም ወንዝ ስለሚወርድ የጎርፍ ሙላት ነበር፤ ሁለተኛው በረዥም ጎዳና ስለሚጓዙ መኪናዎች። የሁለቱም መሠረት አንድ ሒሳብ ነው። መጨናነቅ ራሱ ሞገድ ነው፤ መኪናዎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ እርሱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ይህ እንግዳ ነገር የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ይመልከት። አንዲት ባልቴት ደጃፉን ለመሳለም ጥቂት ቆም ቢሉ፤ ከኋላቸው ያለው ይቆማል፤ ከእርሱም ኋላ ያለው እንዲሁ። ባልቴቲቱ ተሳልመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ መቆሙ ግን ገና ወደ ውስጥ እየተጓዘ ነው። ከዓምዱ አጠገብ ያለው ሰው ማን እንዳስቆመው አያውቅም፤ ከፊቱ ያለውን ግን ይቈጣል።

በ2008 ዓ.ም. ዩኪ ሱጊያማና ባልንጀሮቹ በጃፓን አገር ያደረጉትን ፈተና አሳተሙ። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪናዎችን አሰልፈው፤ ሁሉም በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር እንዲሄዱ አዘዙ። በመንገዱ ላይ መሰናክል አልነበረም፤ ጥፋት የሠራ ነጂም አልነበረም። ሆኖም ጥቂት እንደ ቆየ መጨናነቁ ከራሱ ተወለደ፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነም ወደ ኋላ ተጓዘ። በእኛ አስተያየት ይህን ፈተና ማናቸውም የትራፊክ ሹም ሊያውቀው ይገባል፤ ጥፋተኛ ሳይኖር ጥፋት እንደሚገኝ ያስረዳልና።

ነገር ግን ሰውን እንደ ውሃ መቍጠር መጠን አለው። የውሃ ጠብታ ከኋላውም ከፊቱም ይገፋል፤ ነጂ ግን ከሁሉ በላይ የሚያየው ፊቱን ነው። በ1995 ዓ.ም. ካርሎስ ዳጋንዞ የተባለው የካሊፎርኒያ ሊቅ፤ ከውሃ የተወሰዱ አንዳንድ ሒሳቦች መኪናው ወደ ኋላ ይሄዳል እስከ ማለት እንደሚደርሱ ገልጾ ነቀፋቸው። ነቀፋው ሌሎች ሒሳቡን እንዲያርሙት አነሣሣቸው።

መለኪያውስ ከወዴት ይገኛል? ሳተላይት ይበቃል የሚሉ አሉ። ሳተላይት አንዴ አልፎ የሚያነሣው ሥዕል የመኪናውን ብዛት እንጂ ፍጥነቱን በቀላሉ አያሳይም። የአውሮጳው ሴንቲኔል 2 ሰማያዊውን፤ አረንጓዴውንና ቀዩን ብርሃን የሚቀበለው በጥቂት ጊዜ ልዩነት ስለሆነ፤ የሚሮጥ የጭነት መኪና በሦስት ቀለም ተከፋፍሎ ይታያል፤ ትንሽ አውቶሞቢል ግን ለዚህ ዐይን ይጠፋል። አገራችንም በ2019 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ያስላከቻት የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት ለእርሻና ለአካባቢ ጥበቃ እንጂ መኪና ለመቍጠር የታሰበች አልነበረችም። ለከተማ የሚሻለው በ2018 ዓ.ም. በአቴና የተደረገው ነው፤ ድሮን የሚባሉ ዐሥር ትንንሽ በራሪዎች በመካከለኛው ከተማ ላይ አንዣብበው፤ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የጉዞ መስመር መዘገቡ። በራሪውን መግዛት ያልቻለ መሥሪያ ቤትም ከረዥም ፎቅ ላይ ካሜራ ሊተክል ይችላል። ካሜራው መኪናውን ይቍጠር እንጂ የሰውን ፊት አይፈልግ።

ልኬቱም ሥራ ላይ ይውላል። በለንደን ዙሪያ ባለው ኤም 25 በተባለው ጎዳና፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መኪናው ሲበዛ የተፈቀደው ፍጥነት በምልክት እየተቀነሰ ሞገዱ እንዳይወለድ ይደረጋል።

አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ መንገድ ይስፋ ሲባል ቤቱ የሚፈርስበት ሰው አለ፤ የካሣውም ገንዘብ የሕዝብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለባለ ሥልጣን ሲቀርብ፤ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ልኬት አብሮት እንዲቀርብ ቢታዘዝ መልካም ነው። ልኬቱም ወረፋው በሚታይበት ቦታ አይቁም፤ ወደ ፊት ተከትሎ መጨናነቁ የሚፈታበትን ነጥብ ያሳይ። እዚያ የሚገኘው አንድ ያለ ቦታው የተደረገ የታክሲ ማቆሚያ፤ ወይም አንድ የጠበበ መታጠፊያ ሊሆን ይችላል። የታክሲ ማቆሚያን መቶ ሜትር ወደ ፊት ማዛወር የአንድ ቀን ሥራ ነው።