መመሪያን ስለ ማረም

አንባቢ ሆይ፤ በቋንቋችን «ማረም» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ሳያስተውሉ አልቀሩም። ገበሬ ጤፉን ያርማል፤ መምህርም የተማሪውን ደብተር ያርማል። ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፈው ጠዳ ሲደርሱ፥ ወሩ ነሐሴ ከሆነ፥ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰዎች ተሰልፈው፥ ጐንበስ ብለው ሲያርሙ ያያሉ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ስም የተሰጣቸው በከንቱ አይመስለኝም። ሁለቱም ጐንበስ ማለትን ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም አረሙን ነቅላለሁ ሲሉ ዘሩን አብሮ እንዳይነቅሉ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ላወሳ የፈለግሁት ብዙ ሰው እንደ ሥራ የማይቈጥረውን አንድ ዓይነት እርማት ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተርና የስልክ ፕሮግራሞችን የአጠቃቀም መመሪያ ማረም ነው። ተማሪ ከሆኑ የሚመዘገቡትም ውጤትዎን የሚያዩትም በኮምፒዩተር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑም መዝገብ ማቆየቱ፥ ደመወዝ መሥራቱና ሪፖርት መላኩ ቀስ በቀስ ወደዚያው እየገባ ነው። ታዲያ መመሪያው ሳይገባን ሲቀር አብዛኞቻችን ወይ ጥፋቱን ለራሳችን እንሰጣለን፥ ወይም ተራግመን እንተወዋለን። ሁለቱም መንገድ ትክክል እንዳልሆነ የተማርሁት ከአንድ ተማሪዬ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት በጠዳ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ ለአንድ የኮምፒዩተር ሥልጠና ለመመዝገብ ፈለገ። ልጁ ከደጋው ወርዶ፥ ቤት ተከራይቶ፥ ስንቁን ከወላጆቹ እያመላለሰ የሚማር ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ስለ ነበረ የመመሪያውን ገጽ አትሜ ሰጠሁት፤ ከመስጠቴም በፊት ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። በገጹ ላይ «ቅጹ እስከ ዓርብ 12:00 ሰዓት ይሞላል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ልጁ ዓርብ ዕለት ከትምህርት ሲወጣ የውጤት ወረቀቱን ይዞ በዘጠኝ ሰዓት ከኢንተርኔት ቤት ደረሰ። እንደ እርሱ ሒሳብ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር። ገጹ ግን ተዘግቷል። ለካ መመሪያውን የጻፈው ሰው «12:00» ያለው በፈረንጆች አቈጣጠር እኩለ ቀንን፥ ማለት በእኛ ከቀኑ ስድስት ሰዓትን ኖሯል።

«መምህር፥ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል እኮ» አለኝ፥ ወረቀቱን ዘርግቶ እያሳየኝ። በድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ራሱን የሚጠራጠር ሰው ድምፅ ነበረ። ምዝገባው እንደገና እስኪከፈት አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት።

እኔን ግን ይበልጥ የቈጨኝ ሌላ ነገር ነው። ያንን ዐረፍተ ነገር አስቀድሜ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ስሕተትም አልታየኝም። በኮሌጅ ሳለሁ የኮምፒዩተር ሰዓት በየትኛው አቈጣጠር እንደሚሄድ ስለ ለመድሁ፥ «12:00» የሚለውን ሳነብ ዓይኔ ራሱ «እኩለ ቀን» ብሎ ተረጐመልኝና አለፍሁ። ልጁን ያሳሳተው አለማወቁ ሲሆን እኔን ያሳወረኝ ማወቄ ነው።

እንግዲህ የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የመመሪያን ጉድለት አጥርቶ የሚያየው ዐዋቂው አይደለም፤ የተደናቀፈበት ሰው ነው። እርሱም ቢሆን የሚያየው መንገዱን እስኪለምድ ድረስ ብቻ ነው። ከለመደ በኋላ እግሩ ድንጋዩን በራሱ ይዘለዋል፤ ድንጋዩ ግን ለሚቀጥለው መንገደኛ እዚያው ተቀምጦ ይቈያል።

የመመሪያ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ አሜከላ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። «ያስቀምጡ» ለማለት «ያቀስምጡ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይሳሳትም። ሆኖም ለሰው ቀላል የሆነው ግድፈት ለኮምፒዩተር ቀላል ላይሆን ይችላል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። ዛሬ አራት ነጥብ የራሱ የሆነ አንድ ቍጥር አለው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ያደርገዋል። ለዓይናችን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ምልክት ስለ ሆነ ዐረፍተ ነገሩ የት ላይ እንዳለቀ ሊስት ይችላል። እንደዚሁም በመመሪያው አንድ ገጽ «ሥራ»፥ በሌላው ገጽ «ስራ» ተብሎ ቢጻፍ፥ አንዱን ቃል አስገብቶ የሚፈልግ ሰው ሌላውን ገጽ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው ስሕተት እንደ እንክርዳድ ነው። እንክርዳድ ከስንዴ መካከል ሲበቅል ስንዴ ይመስላል፤ ሳይለይ ተፈጭቶ ቢበላ ግን ራስ ያዞራል። እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር ፊደሉ የተሟላ፥ ሰዋስዉም የቀና ነው፤ ትርጕሙ ግን ሁለት ነው። ልጄን የጣለው ይህ ነው። ሌላም ምሳሌ ልስጥዎ። በአንድ ቅጽ ላይ «5/3/2016» የሚል ቀን ቢያገኙ ምን ይላሉ? በእኛ አቈጣጠር ኅዳር 5 ቀን ነው። እንደ እንግሊዞች ልማድ ማርች 5፥ እንደ አሜሪካኖች ልማድ ደግሞ ሜይ 3 ነው። «ቍጥሩ ይሞላል» የሚልስ ቢያገኙ? እርስዎ ይሙሉት ማለት ነው፥ ወይስ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይሞላዋል? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ «ይሰማል» ሲጻፍ ሰሚው ሰው ይሁን የሚሰማው ድምፅ ከወረቀቱ ላይ አይታወቅም። በንግግር ጊዜ ምላሳችን ይለየዋል፤ መመሪያ ግን ምላስ የለውም።

ጐንደር የአንድምታ አገር ናት። ሊቃውንቱ አንዱን ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምሥጢር ሲያወጡለት መስማት ደስ ያሰኛል። ቅኔም ሰምና ወርቅ ሲኖረው ያምራል። ለመመሪያ ግን «አንድም» ዕዳ ነው። መመሪያ ሰሙ ራሱ ወርቅ መሆን አለበት፤ ማንም ቢያነበው፥ በየትም ቢያነበው፥ ያው አንድ ነገር ብቻ ሊገባው ይገባል።

ስሕተት በጊዜው ካልታረመ ምን እንደሚሆን ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ እነሆ። አንድ የኢንተርኔት ገጽ ከሌላ ገጽ ሲመሩ፥ ኮምፒዩተርዎ «ይህ ሰው የመጣው ከዚያኛው ገጽ ነው» ብሎ የሚነግርበት መልእክት አለ። የመልእክቱ ስም «ሪፈረር» ይባላል። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ቃሉ አራት «አር» ሲኖረው በሦስት «አር» ተጻፈና፥ እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ደንብ ውስጥ እንዲሁ ገባ። ስሕተቱ ሲታወቅ በዓለም ላይ ያሉ ፕሮግራሞች ሁሉ በጐደለው ፊደል መነጋገር ጀምረው ስለ ነበር ማረም አልተቻለም፤ እስከ ዛሬም እንደ ጐደለ ይሠራል። ከላይ በጠቀስሁት በዩኒኮድ መዝገብም የአንድ ቅንፍ ስም ሁለት ፊደል ቦታ ተለዋውጦበት ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ስም እንዳይለወጥ ደንቡ ስለሚከለክል እርማቱን ከጐኑ ከመጻፍ በቀር ሌላ መላ አልተገኘም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ለሰው የተጻፈውን በቶሎ ማረም ይገባል። ለማሽን የተጻፈውን ትእዛዝ ግን ግድፈት መሰለኝ ብሎ ከመንካት በፊት መጠየቅ ይገባል፤ «ሪፈረር»ን በፕሮግራም ውስጥ አቃንቶ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ያበላሻል እንጂ አያርምም።

ሊቅ ሰው በመታረሙ አያፍርም። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዶናልድ ክኑዝ፥ የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1968 በታተመው ታላቅ የኮምፒዩተር መጽሐፉ ውስጥ አዲስ ስሕተት ላገኘለት ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ሲልክ ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በቼኩ ፈንታ በሌለ ባንክ ስም የተጻፈ የምስክር ወረቀት ይልካል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ባንክ በመሄድ ፈንታ በመስተዋት አስገብተው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለውታል። ክብሩ ከገንዘቡ በልጦባቸው ነው።

ይህ ክብር ከጠዳም የራቀ አይደለም። ሊኑክስን፥ ፋየርፎክስንና ፓይተንን የመሰሉ ፕሮግራሞች ሥራቸው ለሁሉ ክፍት ነው። መመሪያቸው በተራ ጽሑፍ ተጽፎ ይቀመጣል። ማንም ሰው ቅጂውን ወስዶ፥ ስሕተቱን አርሞ፥ «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» ብሎ መላክ ይችላል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው «ጊት» የተባለ ፕሮግራም ማን የትኛውን መስመር መቼ እንደ ለወጠ ይመዘግባል። ኀላፊዎቹ እርማቱን መርምረው ሲቀበሉት የአራሚው ስም ከመዝገቡ ውስጥ ይገባል። በዚህ ደጃፍ አንዲት የተገደፈች ፊደል ይዞ መግባት ይቻላል።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። በዚያው ሳምንት ለመሥሪያ ቤቱ እንጻፍ ብዬ እኔ አንድ ገጽ ተኩል አረቀቅሁ። የልጁን ድካም፥ የወላጆቹን ተስፋ፥ የመሥሪያ ቤቱን ቸልተኝነት ሁሉ ዘረዘርሁ። ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «መምህር፥ ምን እንዲያደርጉ ነው የጠየቅናቸው?» አለኝ። ገልብጬ ባየው በእውነት አንዳች ነገር አልጠየቅሁም። ወረቀቱን ተቀበለኝና በጀርባው ላይ ይህን ጻፈ፤

«በምዝገባ መመሪያው ሁለተኛ አንቀጽ፥ ቅጹ እስከ ዓርብ 12:00 ሰዓት ይሞላል ይላል። ገጹ የሚዘጋው በእኩለ ቀን ነው፤ አንባቢው ግን የማታው 12 ሰዓት መስሎት ይዘገያል። አመልካቹ ቅጹን ዓርብ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ሞልቶ ይላክ ቢባል ይሻላል። ለሚመጡት አመልካቾች ሲባል እንዲታረም በትሕትና እንጠይቃለን።»

አንባቢ ሆይ፤ ስለ እርማት አጻጻፍ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለኝም። በመጀመሪያ ስሕተቱ ያለበትን ቦታ ይጠቁሙ፤ ዐረፍተ ነገሩንም እንዳለ ይጥቀሱ። ቀጥለው አንባቢው እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል በአንድ መስመር ያስረዱ። ከዚያም የሚሻለውን ቃል እርስዎ ራስዎ ጽፈው ያቅርቡ፤ «ግልጽ አይደለም» ብሎ ማቆም አረሙን አሳይቶ ሳይነቅሉ መሄድ ነውና። ሁለት ስሕተት ካገኙ ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ፤ አንዱ ቢያከራክር ሌላው አብሮት እንዳይዘገይ። የሚያርሙት ስሕተት ይሁን እንጂ የጸሐፊው ልማድ አይሁን። እርስዎ «ጸ»ን፥ እርሱ «ፀ»ን ቢመርጥ፥ ከላይ እስከ ታች አንዱን ከያዘ ይተዉት። ከመላክዎ በፊትም በማሽኑ ላይ ሞክረው፥ ስሕተቱ ከመመሪያው እንጂ ከእርስዎ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ትሕትናም አይለይዎ፤ መመሪያውን የጻፈው ሰው፥ እንደ እኔው፥ ማወቁ ያሳወረው ምስኪን ሊሆን ይችላል።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት አንባቢዎቼ ይህን ምክር ከኮምፒዩተር ውጭም ይጠቀሙበት። በቢሮዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ፥ አንድ ቀን ጉዳይ ሊያስፈጽም እንደ መጣ ገበሬ ሆነው ቆመው ያንብቡት። ያ ባይቻል ፊደል የለየ፥ ግን ለቢሮው እንግዳ የሆነ ሰው ጠርተው ያስነብቡት፤ በየትኛው ቃል ላይ ዓይኑን እንደሚመልስ ዝም ብለው ይመልከቱ። ዓይኑን የመለሰበት ቃል መታረም ያለበት ነው።

ለደብዳቤያችን መልስ አላገኘንም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገጹን ስንከፍት ግን ዐረፍተ ነገሩ ልጁ እንደ ጻፈው ሆኖ አገኘነው፤ ከቃሉ አንዲት እንኳ አልተለወጠችም። ልጁ ብዙ ጊዜ ትኵር ብሎ አየውና «አሁንማ ማንም ይገባዋል» አለ። ለእርሱ ዓመቱ አልፎበታል። በማግሥቱ ዓመት ሲመዘገብ ዐርብን አልጠበቀም፤ ሰኞ ዕለት ጠዋት ጨረሰው።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ መመሪያ ከመስጠቴ በፊት እኔ አላነብም፤ ከመካከላቸው አንዱን አስነሥቼ አስነብባለሁ። እርስዎም ነገ አንድ መመሪያ ቢያደናቅፍዎ፥ ሳይለምዱት ዛሬውኑ እርማቱን ይጻፉ።