ከተማ የሌለው ጣቢያ፣ ጣቢያ የሌለው ከተማ



እኔ ባደግሁባት ሆመቾ «ባቡር» ማለት ወፍጮ ነበር። እናቶቻችን በቆሎና ጤፋቸውን ተሸክመው «ባቡር ልሂድ» ብለው ከወጡ፣ ተራ እስኪደርሳቸው ውለው፣ የአካባቢውን ወሬ ሁሉ ሰምተው ይመለሱ ነበር። በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሌላ ባቡር መኖሩን ያወቅሁት ከአባቴ ነው። አባቴ በዘመኑ እንደነበሩት ብዙ የሐዲያና የከምባታ ጎልማሶች ሸንኮራ አገዳ ለመቁረጥ ወደ መተሐራ ይወርድ ነበር። ከሆመቾ ሆሳዕና በእግር፣ ከሆሳዕና አዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ ከአዲስ አበባ መተሐራ ደግሞ በባቡር።

ስለ ባቡሩ ፍጥነት አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። የሚያወራኝ ስለ ለገሃር ነበር፤ ስለ አግዳሚው ወንበር፣ ስለ ደወሉ፣ ስለ ሻይ ሻጮቹ። አብዝቶ የሚያነሣው ግን እዚያ የሚያገኛቸውን የአገሩን ሰዎች ነው። ከመተሐራ የሚመለሰው ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ወደ መተሐራ የሚወርደው ከቤት የተላከ ቆሎ ይዞ ይመጣል። አማርኛ በወጉ የማይናገር የሐዲያ ገበሬ በዚያ ትልቅ ከተማ መሀል ማንንም ሳያስፈቅድ የሚቀመጥበት፣ ቀጠሮ የሚሰጥበት አንድ ቦታ ነበረው። «ለገሃር እንገናኝ» ማለት ይበቃው ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ከዚህ ተነሥቼ ነው። የባቡር ጣቢያ ትልቅነት የሚለካው ከከተማው ጋር ባለው ቅርበትና ገንዘብ የሌለውን ሰው በሚያስተናግድበት ክብር ነው። በዚህ ሚዛን ከተመዘነች አገራችን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥታ ሐዲዷን አሳድጋለች፤ ጣቢያዎቿን ግን አሳንሳለች።

ጣቢያ ከተማ ሲሠራ

እንደሚታወቀው ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን የሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ግንባታው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ወደ ሐረር መውጣቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ሐዲዱ ከታች ቀረ፤ በቀረበትም ቦታ ድሬዳዋ ተወለደች። የከዚራን ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችና የዛፍ ጥላዎች ያየ ሰው ጣቢያ ከተማን እንዴት እንደሚወልድ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። የሞጆን፣ የናዝሬትን፣ የመተሐራንና የአዋሽን ዕድገት ያለ ባቡሩ መተረክ አይቻልም። በአዋሽ ጣቢያ የነበረው ቡፌ ደ ላ ጋር የመንገደኛ ማረፊያ ሆኖ ስሙ የናኘው በዚያ ትንሽ የበረሃ ከተማ ነው።

ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዓለም ታላላቅ ጣቢያዎች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ቤት ነው። ሆኖም ከከተማው ዋና ጎዳና ጫፍ ላይ፣ ከተማውን ፊት ለፊት እያየ ተቀመጠ። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከፊቱ ቆመ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስደት ወደ ጅቡቲ የሄዱት በዚሁ ሐዲድ ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ ያንኑ አንበሳ ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ያቆሙትም ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር። አንበሳው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመልሶ ዛሬም ለገሃር ላይ ቆሟል። ወራሪው እንኳ የአንድ ሕዝብ ምልክት ሕዝብ በሚበዛበት ጣቢያ ደጃፍ መቆም እንዳለበት ገብቶት ነበር።

የቀድሞውን ዘመን ለማሞገስ ይህን እንዳልጻፍሁ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ባቡሩ የውጭ ኩባንያ ነበር፤ ፉርጎውም በማዕረግ የተከፋፈለ ነበር፤ አባቴ የተቀመጠው በሦስተኛው ማዕረግ ነው። እዚያ ውስጥ የነበረውን መጨናነቅም አልደበቀኝም። ነገር ግን ማዕረጉ የሚጀምረው ፉርጎው ውስጥ ሲገቡ ነበር። ከፉርጎው በፊት የነበረው ደጃፍ የሁሉም ነበር።

ለቡ የት ነው?

ወደ ዛሬው እንምጣ። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ትልቅ ሥራ ነው። ለወደብ አልባ አገር ያለውን ጥቅም የሚክድ ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ጥያቄዬ ስለ መንገደኛው ነው።

የአዲስ አበባ የመንገደኞች ጣቢያ የተሠራው ፉሪ ለቡ ነው። የጣቢያውን ሕንፃ አልነቅፍም፤ ሰፊ ነው። የምነቅፈው አድራሻውን ነው። ከሽሮ ሜዳ፣ ከኮተቤ ወይም ከመርካቶ የሚነሣ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ የከተማውን ዳርቻ ፍለጋ መውጣት አለበት። ድሬዳዋ ሲደርስም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ይቀበለዋል። ባቡር በባሕርዩ ከከተማ ልብ ወደ ከተማ ልብ የሚወስድ መጓጓዣ ነው፤ ከአውቶቡስም ከአውሮፕላንም የሚበልጠው በዚህ ነው። እኛ ግን ከዳርቻ ወደ ዳርቻ አደረግነው። የአውሮፕላንን ርቀት ወርሰን ፍጥነቱን ሳንወርስ ቀረን።

ከሁሉም የሚያስገርመው ደግሞ ይህ ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የሁለቱም ፕሮጀክቶች ባለቤት ያው የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ነበር። ቀላል ባቡሩንና ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን ሐዲድ የሠራውም ያው የቻይና ተቋራጭ ነው። ዘመናቸውም አንድ ነው። የቀላል ባቡሩ አራት ጫፎች አያት፣ ጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ አደባባይና ቃሊቲ ናቸው። አንዱም ለቡ አይደርስም! በአንድ ባለቤት፣ በአንድ ተቋራጭ፣ በአንድ ጊዜ የተሠሩ ሁለት ባቡሮች በአንድ ከተማ ውስጥ ሳይገናኙ ቀሩ። ይህን የገንዘብ እጥረት ልንለው አንችልም። መንገደኛውን ማንም አላሰበውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በአንጻሩ ለገሃር ጣቢያ አጠገብ ቀላል ባቡሩ ይቆማል። ቀላል ባቡር ያለበት ቦታ ረጅሙ ባቡር የለም፤ ረጅሙ ባቡር ያለበት ቦታ ቀላል ባቡር የለም። ከአዲስ አበባ የሚነሣው አሮጌው ባቡር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከቆመ ወዲህ የለገሃር ጣቢያ መንገደኛ አላየም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. መንግሥት ከአቡዳቢው ኢግል ሂልስ ኩባንያ ጋር በ36 ሄክታር ላይ የለገሃርን የመኖሪያና የንግድ መንደር ፕሮጀክት ሲያስጀምር የጣቢያው ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ ተነገረን። ደግ ነው። ግን ባቡር የማይደርስበት ጣቢያ ቆዳው በገለባ ተሞልቶ የቆመ አንበሳ ነው፤ ፎቶግራፍ ያነሡታል እንጂ አያገሣም።

በኒውዮርክ ታላቁን የፔንሲልቬንያ ጣቢያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አፈረሱት። ቁጣው ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1965 የቅርስ ሕንፃዎች ጥበቃ ሕግ እንድታወጣ አደረጋት። እዚያ ሕንፃው ፈረሰ፤ ባቡሩ ግን እስከ ዛሬ ከመሬት በታች ይመጣል፣ ይሄዳል። እኛ የተገላቢጦሽ አደረግን። ሕንፃውን አስቀርተን ባቡሩን አባረርን። ከሁለቱ ጥፋቶች የትኛው እንደሚብስ አንባቢ ይፍረድ።

የሚቀርቡልኝ መልሶች

ይህን ስናገር ከባልደረቦቼ የምሰማቸው ሦስት መልሶች አሉ።

የመጀመሪያው «በከተማ መሀል መሬት ውድ ነው፣ ሰው ማፈናቀል ይመጣል» የሚለው ነው። መልካም ስጋት ነው። ነገር ግን የአሮጌው ሐዲድ መሥመር ከአቃቂ እስከ ለገሃር ድረስ ቀድሞውኑ የተዘረጋ የሕዝብ ይዞታ ነበር። ሐዲዱ ጠባብ ስለሆነ መቀየሩ አይቀርም ነበር፤ ቦታው ግን ነበረን። ለመኖሪያና ለንግድ መንደር የሚሆን 36 ሄክታር ከተገኘ ለሁለት ሐዲድና ለአንድ መሳፈሪያ የሚሆን ቦታ ይጠፋ ነበር?

ሁለተኛው «ባቡሩ የተሠራው ለጭነት ነው» የሚለው ነው። እኔም ለጭነት መሆኑን እቀበላለሁ። ለዚያም ነው እንዶዴ የጭነት ጣቢያ፣ ሞጆ ደግሞ ደረቅ ወደብ ያለው። የጭነቱ ከከተማ መራቅ ተገቢ ነው። ሰውን ከኮንቴይነር ጋር አንድ ላይ ማራቅ ግን ሰውን እንደ ዕቃ ማየት ነው።

ሦስተኛው «ከተማው ራሱ አድጎ ጣቢያው ጋር ይደርሳል» ይላል፤ ድሬዳዋንም ይጠቅስልኛል። ድሬዳዋ ግን ከጣቢያው በፊት ይህ ነው የሚባል ከተማ አልነበረባትም። አዲስ አበባ ቀድማ አለች። ከተማው ለቡ እስኪደርስና እስኪሞላ ድረስ የሚያልፈውን ዘመን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ታክሲ መኮናተር የማይችለው መንገደኛ ነው።

ጎረቤታችን ኬንያም ይህንኑ ስሕተት ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የሞምባሳ ባቡሯ የናይሮቢ ጣቢያ ከከተማው ውጪ ሲዮኪማው ነው። ነገር ግን ኬንያውያን ከአሮጌው የመሀል ከተማ ጣቢያ ወደ አዲሱ የሚያመላልስ ባቡር አስገቡ። ስሕተትን ማረም የሚቻለው እንዲህ ነው።

ይህ ለሆመቾ ምኗ ነው?

«ሐዲድ ያልነካው አገር ልጅ ስለ ጣቢያ ምን አገባህ?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተነደፈው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 2,395 ኪሎ ሜትር ሐዲድ እንደሚዘረጋ ተነግሮን ነበር። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደው መሥመር አልተሠራም፤ ቢሠራም በሐዋሳ አቅጣጫ እንጂ በእኛ በኩል አያልፍም። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 232 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የክልል መቀመጫ ሆና፣ የምታውቀው ጣቢያ መናኸሪያን ነው።

እኔ የምፈራው ግን መዘግየቱን አይደለም። ሐዲዱ አንድ ቀን ሲመጣ ለእኛ የሚሠራልን ጣቢያ ምን እንደሚመስል ከወዲሁ ይታየኛል፤ መናኸሪያዎቻችን ይነግሩናልና። አንድ ቀን ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መናኸሪያ ውስጥ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አንዲት እናት አገኘሁ። ልጃቸውን ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሸኙ መጥተዋል። መቀመጫ የለም፤ ጥላ የለም፤ ዝናብ ይዘንባል። በሩ ላይ «ትኬት የሌለው አይገባም» ተብለው አጥሩን በእጃቸው ይዘው፣ በአጥሩ ቀዳዳ በሐዲይኛ ልጃቸውን ይመርቃሉ። አውቶቡሱ ወጣ። ልጁ በየትኛው መስኮት በኩል እንደነበረ እንኳ አላዩም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሆመቾ ስንት ሺህ ወጣት እንዲህ እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከሄዱት ውስጥ ያልተመለሱ አሉ። ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻው መተያያ መናኸሪያ ነው። በባህላችን እንግዳ እንኳ ሳይሸኝ አይሄድም፤ ልጅማ እንዴት? ሸኚን ከአጥር ውጪ የሚያስቀር ጣቢያ የጉዞን ግማሽ ትርጉም ቆርጦ ጥሎታል። ትልቅ ጣቢያ ማለት ትኬት የሌለውም ሰው የሚገባበት ጣቢያ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ማጠቃለያ

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ለቡ ከቀላል ባቡሩ ጋር በሐዲድ ይገናኝ፤ ሐዲዱ እስኪመጣ ድረስም በባቡሩ ሰዓት የሚነሣና የሚደርስ የከተማ አውቶቡስ ከለገሃር ይመደብለት። ሁለተኛ፣ የለገሃር ፕሮጀክት ሲሠራ ባቡር ዳግመኛ የሚገባበት መሥመር በሕንፃ እንዳይዘጋ በሕግ ይከለል፤ ዛሬ ከተዘጋ ለልጅ ልጆቻችንም አይከፈትም። ሦስተኛ፣ ወደፊት የሚነደፍ ማንኛውም የባቡር ፕሮጀክት የጣቢያውን ቦታ የከተማው ነዋሪ ሳይመክርበት አይወስን። አራተኛ፣ ሐዲድ የሌለን እኛ በመናኸሪያዎቻችን እንጀምር። አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ለሸኚ የተከፈተ በር። አንዱም የውጭ ብድር አይጠይቅም።

ሐዲድ በብድር ይገዛል። ለመንገደኛው የሚሰጠው ክብር ግን ከእኛው መምጣት አለበት። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። በሕይወት ኖሮ ከሆመቾ ወደ መተሐራ ልሂድ ቢል፣ የአገሩን ሰው «የት እንገናኝ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም።

ቸር ያሰንብተን።