የጀልባ ሚዛን ሰሌዳ በሐይቁ ጠባይ ይመረጥ

ጣና ሐይቅ ለባሕር ዳርና በዙሪያው ላሉት ወረዳዎች ውበት ብቻ ሳይሆን የንግድ መንገድም ነው። የዘጌ ቡና፥ የቁንዝላ እህል፥ የደቅ ደሴት ነዋሪ፥ ወደ ጎርጎራ የሚያልፈው መንገደኛ፥ ገዳማቱን ሊሳለም ወይም ሊጎበኝ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ በዚሁ ውሃ ላይ ይመላለሳል። የደንገል ታንኳ ዛሬም ከሥራው ባይወጣም፥ መንገደኛውና ነጋዴው የሚመርጡት ባለሞተሩን ጀልባ ነው። ስለዚህ የጀልባ ዕቃ ከውጭ አገር ማስመጣት እንደ ማንኛውም ንግድ ዕውቀትና ማስተዋል የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል።

ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ፈረንጆች ትሪም ታብ የሚሉት የሚዛን ሰሌዳ ነው። ይኸውም በጀልባው የኋላ ግድግዳ ግርጌ፥ በቀኝና በግራ በማጠፊያ የሚታሰር ዝገት የማይዘው የብረት ሰሌዳ ሲሆን፥ ነጂው ከመሪው አጠገብ ባለ ማብሪያ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሰሌዳው ዝቅ ሲል ከሥር የሚያልፈው ውሃ ይገፋዋል፤ የጀልባው ኋላ ከፍ፥ አፍንጫው ዝቅ ይላል። አንዱ ብቻ ሲወርድ ደግሞ በነፋስ ወይም በጭነት ወደ ጎን ያዘነበለውን ጀልባ ያቃናል።

የዚህ ሰሌዳ ጥቅም በጣና ላይ ጎልቶ የሚታየው ከቀትር በኋላ ነው። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰፋ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይደርሳል። ያን ጊዜ አፍንጫውን ሽቅብ ያነሣ ጀልባ በየማዕበሉ ላይ እየወደቀ ይነጥራል፤ መንገደኛው ይንገላታል፥ ዕቃው ይረጥባል፥ ነጂውም ፊት ለፊቱን ማየት ይሳነዋል። አፍንጫው በመጠኑ ዝቅ ያለው ግን ማዕበሉን በግንባሩ እየከፈለ ያልፋል።

ነገር ግን አስመጪው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ። ካታሎጉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ገዢ ነው፤ ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ በመቶ 3 ያህል ያጣል። 60 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር በባሕር ዳር 50 ያህሉን ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። በባሕር ላይ ቀሎ የሚሮጠው ጀልባ እዚህ ሲጫን ኋላው ሰምጦ አፍንጫው ተነሥቶ የሚቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮፔለሩ ለከፍታው የሚስማማ፥ ይኸውም በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ እንዲሆን ያስፈልጋል። ሰሌዳ የጎደለውን የሞተር ጉልበት አይተካም።

ይህ ከተስተካከለ በኋላ የሰሌዳው ስፋት ይታይ። የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ ጫማ የጀልባ ርዝመት በየጎኑ አንድ ኢንች የሰሌዳ ስፋት ነው፤ ለ23 ጫማ ወይም 7 ሜትር ጀልባ በየጎኑ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ጠባቡ ሰሌዳ ዋጋው ቢረክስም፥ በዝግታ ሲኬድ ብዙ ዝቅ ካላለ ሥራ አይሠራም፤ ብዙ ዝቅ ሲል ደግሞ ውሃውን እየጎተተ ነዳጅ ያባክናል። ሰፊው ግን በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ሥራውን ይፈጽማል። ጉልበታቸው በከፍታ ለቀነሰ የጣና ጀልባዎች የሚመረጠው፥ የኋላ ግድግዳቸው እስከፈቀደ ድረስ፥ ሰፊው ነው።

ማንቀሳቀሻው በዘይት ግፊት ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪኩ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ከጀልባው ውጭ ከውሃው አጠገብ ስለሚቀመጥ፥ ውሃ ከገባበት ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። የዘይቱ ፓምፕ በጀልባው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቱቦውንና ጎሚኒውን ደግሞ የመኪና መካኒክ የሚያውቀው ሥራ ነው። መለዋወጫ ከጅቡቲ በየብስ በሚመጣበት አገር በእጅ የሚጠገነው ይበልጣል።

ለመሆኑ ሰሌዳውን መግዛት የሚገባው ማን ነው? እንግዶችን ይዞ በፍጥነት ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚመላለሰው ባለጀልባ ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም። በዝግታ የሚጓዘው ከባድ የጭነት ጀልባ ግን ከሰሌዳው ምንም አያተርፍም፤ ውሃው በኃይል ካላለፈበት ሰሌዳው አይሠራምና። ለእንዲህ ያለው ጀልባ ሰሌዳ መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። ከኋላ የተከመረውን ጆንያ ወደ መካከል ማምጣት ያለ አንዳች ወጪ ሚዛኑን ያስተካክልለታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ በብር እጅግ ከፍ ስላለ፥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንዳንዶች ሰሌዳው ካለ በማዕበል ጊዜም ብዙ ሰው መጫን ይቻላል ይሉ ይሆናል። ይህ አሳብ አደገኛ ነው። ሰሌዳው አፍንጫውን ያስተካክላል እንጂ የጀልባውን የመሸከም ዐቅም አይጨምርም። ከዚህም በላይ ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ ሰሌዳው ወደ ላይ ካልተነሣ አፍንጫው በፊተኛው ማዕበል ውስጥ ይሰካል፤ ጀልባውም በድንገት ወደ ጎን ዞሮ ሊገለበጥ ይችላል። ወደ ኋላ ሲነዳና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የተንሰራፋው እምቦጭ ሲያጋጥምም እንዲሁ ሰሌዳው መነሣት አለበት። ስለዚህ የሰሌዳውን አቋም በመብራት የሚያሳይ መሣሪያ ሳይኖረው የሚመጣ ዕቃ፥ ዋጋው ቢቀንስም መታዘዝ የለበትም።

ከዚህ የሚከተለው ግዴታ በሻጩ ላይ ነው። አስመጪው የጀልባውን ርዝመት፥ የሞተሩን ዐይነትና ጭነቱን ሳይጠይቅ አይሸጥ። ጥቂት ባለጀልባዎች ተባብረው አንድ ዐይነት ሰሌዳ ከነመለዋወጫው ቢያዝዙ የማጓጓዣው ወጪ ይቀንሳል፥ የአንዱ መለዋወጫም ለሌላው ይሆናል። ሰሌዳው ከተገጠመ በኋላ ነጂው በጸጥተኛ ውሃ፥ ያለ መንገደኛ፥ ጠባዩን እስኪለምድ ይሞክረው። በሚዛኑ ላይ ያለው የነጋዴው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፥ ጀልባውን አምኖ የተሳፈረው ሰው ሕይወት ነው። ይህን አስቦ የሚሸጥ ነጋዴ ትርፉንም መልካም ስሙንም ይጠብቃል።