ሦስት ደቂቃ በአማርኛ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዋሽንግተን ዲሲን ፖሊስ በራሳቸው ትእዛዝ ሥር ሲያደርጉ፣ በናይንዝ ስትሪትም ሆነ በጆርጂያ አቬኑ ካፌዎቻችን ወሬው ሁሉ ስለ እሳቸው ነበር። ገሚሱ «አበጁ፣ ሌባው በዝቶ ነበር» አለ። ገሚሱ ወረቀት ላላገኘ ዘመዱ ሰጋ። ፖሊሱ ከማን እጅ እንደተወሰደ የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የከተማዋን ምክር ቤት ስም ያነሳም አልነበረም።

ዲሲ ለመቶ ዓመት ገደማ ከንቲባዋንም ምክር ቤቷንም መምረጥ የማትችል ከተማ ነበረች። ይህን መብት የሰጣት ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1973 መጨረሻ የፈረሙት የራስ አስተዳደር ሕግ ነው። (ሌላ ካላልኩ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።) ሕጉ ሲሰጥም ቆንጥሮ ነው የሰጠው። የከተማዋን ዳኞች የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነው። ከባድ ወንጀል የሠራን አዋቂ የሚከስሰው የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ነው። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ኮንግረስ ሊሽረው ይችላል። አንቀጽ 740 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ሁኔታ ተፈጥሯል ካሉ የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን ማዘዝ ይችላሉ ይላል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ቆይቶ ነበር የዚያን ቀን የተመዘዘው።

ከዚያ ሰሞን ትርምስ ውስጥ እኔን የያዘኝ አንድ ሹመት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ቴሪ ኮልን «የአስቸኳይ ጊዜ የፖሊስ ኮሚሽነር» ብለው ሾሙ። አንድ ወረቀት፣ አንድ ፊርማ፣ አለቀ። ከተማዋ በማግሥቱ ክስ መሠረተች፣ መንግሥትም በዚያው ቀን ትእዛዙን አለሳለሰና የፖሊስ አዛዧ ፓሜላ ስሚዝ በወንበራቸው ቀጠሉ።

እኚሁ ስሚዝ ግን እንዴት እንደተሾሙ ተመልከቱ። ከንቲባ ሙሪየል ባውዘር በጁላይ 2023 አጯቸው። ምክር ቤቱ ያጸደቃቸው ኖቬምበር ላይ ነው። በመሐሉ የፍትሕና የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴው ሂሪንግ (የምስክርነት መድረክ) ጠርቶ እሳቸውንም አስቀምጦ ጠየቀ፣ ነዋሪውንም ሰማ። ከተማዋ በዚያ ዓመት 274 ሰው በግድያ አጥታለች፤ ከ1997 ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም ነበር። እንዲህ በሚያጣድፍ ጊዜ እንኳ የአንድ አዛዥ ሹመት ወራት ፈጀ። «ይህ ሁሉ ወሬ ለምን?» የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ የምክር ቤት ሥራው ይኸው ወሬው ነው እላለሁ።

በከተማዋ ሕግ የምወዳት አንዲት ድንጋጌ አለች። ከንቲባው የአንድን መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሲያጭ ምክር ቤቱ 90 ቀን አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ድምፅ ሰጥቶ ካላጸደቀ ዕጩው እንደወደቀ ይቆጠራል። ዝም ማለት እምቢ ማለት ነው። በእኛ አገር ወግ ዝምታ መስማማት ነው፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ማንም ካልተናገረ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እዚህ ሿሚው ነው ለምኖና አስረድቶ ድምፅ የሚያገኘው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ለሚተርት ሕዝብ ይህች ድንጋጌ ቀላል ነገር አይደለችም። ሰውየው ከመብላቱ በፊት ሳህኑን የሚያይ አለ ማለት ነው።

አዲስ አበባን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ሁለቱ ከተሞች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 መሠረት የአዲስ አበባ አስተዳደር ራሱን በራሱ ያስተዳድራል፣ ተጠሪነቱ ግን ለፌዴራል መንግሥት ነው። ዋና ከተማ መሆን የትም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ልዩነቱ ያለው ምክር ቤቱ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። በእኛው አቆጣጠር በ1997ቱ ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት 137ቱን ወሰደ፤ ያ ምክር ቤት ሥራ ሳይጀምር ከተማዋ በባለአደራ አስተዳደር እጅ ገባች። በ2000 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ገዢው ኢሕአዴግ በተራው 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩ አንድ፣ አሸናፊው ሌላ! ቀሪው አንድ ሰው በ137 ሰው ፊት ቆሞ ስለ ሹመት ምን ሊከራከር ይችላል? እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል። ከአንድ ትውልድ በላይ ያየነው የምክር ቤት ስብሰባ ይህ ስለሆነ፣ እዚህ መጥተንም የከተማ ምክር ቤት ሲባል ጭብጨባ ይመስለናል። ስለዚህ አንሄድም።

ባለመሄዳችን ምን እንደደረሰብን የታክሲ ነጂዎቻችን ታሪክ ይናገራል።

ዲሲ ውስጥ የታክሲ ዋጋ ለአሥርተ ዓመታት የሚሰላው በዞን ነበር። ነጂው ካርታውን ያውቃል፤ ተሳፋሪው ስንት ዞን እንዳቋረጠ ይከፍላል። ከነጂው መካከል የእኛ ሰው እጅግ ብዙ ነበር። በ2006 የሚሺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን በከተማዋ በጀት ላይ አንድ አንቀጽ አስገቡ፦ ከንቲባው እምቢ ብሎ ካልወጣ በቀር በአንድ ዓመት ውስጥ ሜትር ይግባ የሚል። የዲሲ ነዋሪ መርጦት የማያውቅ ሴናተር የዲሲን ታክሲ ቆጣሪ ወሰነ ማለት ነው። በኦክቶበር 2007 ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ ሜትሩን መረጡ። ነጂው አድማ መታ፣ ፍርድ ቤት ሄደ፣ አልሆነም። በ2008 ሜትሩ ገባ። ሜትሩ ክፉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ተሳፋሪ ሆኜ ሳየው ዞኑ ግራ ያጋባ ነበር። ግን አንቀጹ ከገባበት እስከ ውሳኔው አንድ ዓመት ነበር። የእኛ ድምፅ የጠነከረው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነው። በ2009 በምክር ቤቱ የዎርድ 1 (አንደኛው የምርጫ ክልል) ተወካይ የጂም ግራሃም ዋና ረዳት ከታክሲ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ገንዘብ ተቀብሏል ተብሎ ተከሰሰ፣ በኋላም ጥፋቱን አመነ። ግራሃም ራሳቸው አልተከሰሱም። በዚያው ሰሞን ለታክሲ ፈቃድ ጉቦ በመስጠት ከተከሰሱት ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ነበሩ። የታክሲ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ጉቦው ሲቀርብላቸው ለኤፍቢአይ ነግረው፣ ከእነሱ ጋር ሆነው ነበር የሚቀበሉት። ይህን የማነሳው ወገኔን ለማሳፈር አይደለም። ደጅ ጥናትና እጅ መንሻ ይዘን የመጣን ሕዝብ ነን፤ ሹም የሚባል ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም ተብለን ነው ያደግነው። የፊት በሩ ተከፍቶ ሳለ በጓሮ ዞርን። የጓሮውን በር ደግሞ ኤፍቢአይ ይጠብቀው ነበር።

በ2011 ግን ሌላ ነገር አየን። ምክር ቤቱ ዘንድ የታክሲን ቁጥር በመዳሊያ ፈቃድ ለመገደብ የሚያስብ ረቂቅ ቀረበ። ብዙ ነጂዎች መዳሊያው በገንዘብ ባለ ኩባንያዎች እጅ ገብቶ እኛን ጭሰኛ ያደርገናል ብለው ፈሩ። በጁን ወር የታክሲ ኮሚሽኑ ስብሰባ ሲያደርግ አዳራሹን ሞሉት። አንድ ጋዜጠኛ ፎቶ በማንሳቱ ፖሊስ በካቴና አሰረው፤ ያንን የቀረጸው ሌላ ጋዜጠኛም ታሰረ። ነጂዎቹ በሙሉ ተነሥተው ወጡ። በማግሥቱ የአገር ጋዜጣ የዘገበው ስለ ታሰሩት ጋዜጠኞች ነው፤ እኔ ግን ከአዳራሹ የወጣውን ሰው ነው የማስታውሰው። የመዳሊያው ረቂቅ ሳይጸድቅ ቀረ። በዚህ ጊዜ በፊት በር ነበር የገባነው።

ምክር ቤቱ የመላእክት ማኅበር አይደለም። የዎርድ 5 ተወካይ የነበሩት ሃሪ ቶማስ ለወጣቶች ስፖርት የተመደበ ከ350 ሺህ ዶላር በላይ ሰርቀው በ2012 ታስረዋል። የዎርድ 8ቱ ትሬዮን ኋይት ከአመፅ መከላከል ኮንትራቶች ጋር በተያያዘ በጉቦ ተከስሰው (እሳቸው ክሱን ክደዋል) ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2025 በሙሉ ድምፅ አባረራቸው፤ የዎርዳቸው ሕዝብ በጁላይ መልሶ መረጣቸው። ምን ይባላል? አቅሙም ቢሆን ውሱን ነው። የወንጀል ሕጉን ለማሻሻል ዓመታት ተለፍቶበት፣ ከንቲባዋ ሲቃወሙት 12 ለ 1 በሆነ ድምፅ አልፎ፣ በማርች 2023 ሴኔቱ ሳይቀር 81 ለ 14 ድምፅ ሰጥቶበት ኮንግረስ ሻረው። ኮንግረስ የዲሲን ሕግ ሲሽር ከሠላሳ ዓመት በላይ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ፊል ሜንደልሰን ድምፁ ሊሰጥ ሲል ሕጉን መልሼ እወስዳለሁ ቢሉም የሰማቸው የለም።

ታዲያ እንዲህ የታሰረ ምክር ቤት ዘንድ መሄድ ምን ይጠቅማል? የሚጠቅመው ትልቁ ነገር በኮንግረስ ቢወሰንም ኑሯችን ያለው በትንሹ ነገር ውስጥ ስለሆነ ነው። ሬስቶራንትህ የመጠጥ ፈቃዱን ሲያድስ ጎረቤት በሙዚቃው ጩኸት ቅሬታ ካቀረበ፣ መጀመሪያ የምትገናኘው ከሠፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ጋር ነው፤ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ በየሠፈሩ የተመረጡ ጎረቤቶችህ ናቸው። የከተማው መሥሪያ ቤት ለአስተያየታቸው ትልቅ ክብደት እንዲሰጥ በሕግ ይገደዳል። ስንት ሰዓት ላይ ሙዚቃ ይቆማል፣ በረንዳ ላይ ስንት ወንበር ይቀመጣል የሚለው እዚያ ይፈረማል። ብዙ ባለ ቤት ወገኖቻችን ስብሰባው ላይ ሳይቀርቡ ቀርተው በኋላ ከጠበቃ የመጣላቸውን ወረቀት ይፈርማሉ። ሱቅህ በተደጋጋሚ ከተሰበረና ፖሊስ ዘግይቶ ከመጣ ደግሞ የፖሊስ አዛዡ በየዓመቱ በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ሥራቸው የሚገመገምበት ቀን አለ። ቅሬታችን ካፌ ውስጥ ሲነገር የሚሰማው ካፌው ብቻ ነው።

ቋንቋውን እንደ ሰበብ የሚያነሳ አለ። አይሠራም። የ2004 የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለነዋሪው በቋንቋው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ምክር ቤቱም ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ተብሎ ከተጠየቀ ለሂሪንግ አስተርጓሚ ያቀርባል። ለአንድ ግለሰብ ምስክር የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ለእኛ ሦስት ደቂቃ ሰላምታ እንኳ እንደማይበቃ አውቃለሁ። ቢሆንም በወረቀት ጽፎ አሳጥሮ መምጣት ይቻላል፤ ረጅሙን በጽሑፍ ያስገቡታል።

ዜግነትም ሰበብ አይሆንም፤ ለመመስከር ማንም ፓስፖርት አይጠይቅም። ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ እንዲያውም ዜጋ ያልሆነ የዲሲ ነዋሪ ለከንቲባና ለምክር ቤት ድምፅ መስጠት ይችላል። የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ሕግ ለመሻር ከአንድ ጊዜ በላይ ድምፅ ሰጥቷል፣ እስካሁን ግን አልተሳካለትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ፦ ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ድምፅ መስጠት ዜጋ ላልሆነ ሰው ወንጀል ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ ስማችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በዚህ ዘመን ማንንም «ዝም ብለህ ግባ» አልልም።

የምጠይቀው ለዕድሮቻችን፣ ለአብያተ ክርስቲያናትና ለመስጊዶች ኮሚቴዎች ነው። ቀብር የሚያስፈጽም፣ ለሠርግ ወንበር የሚያመጣ ሰው ትመድባላችሁ። ምክር ቤቱንም የሚከታተል አንድ ሰው መድቡ። በየዓመቱ በብርዱ ወራት የየመሥሪያ ቤቱ አፈጻጸም ይገመገማል፣ ከዚያ በጀቱ ይቀጥላል፤ ፖሊስም፣ ትራንስፖርትም፣ የመጠጥ ፈቃድ ሰጪውም በየተራቸው ይቀርባሉ። የተመደበው ሰው ቀኑን አይቶ በቡና ሰዓት ይንገረን፣ የሚመሰክረውንም ስሙን ያስመዝግብለት። ለአስተርጓሚው የምትከፍለው ከተማዋ ናት።