የያዩ ማዳበሪያና የወለጋ ገበሬ፦ በምርጫ ዘመን የተገባው ቃል የት ደረሰ?

አኖ፦ በምሥራቅ ወለጋ ዞን የጎቡ ሰዮ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አኖ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በባኮና በስሬ መካከል ትገኛለች። አካባቢው የበቆሎ አገር ነው። በቅርብ የሚገኘው የባኮ የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ቢኤች 660 እና ቢኤች 661 የተባሉት ዲቃላ ዘሮች በዚህ ምድር ከተለመዱ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል።

እንደሚታወቀው ዲቃላ በቆሎ ያለ ማዳበሪያ የሚጠበቅበትን ምርት አይሰጥም። ለባኮ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየው ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 200 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። ዳፕ በኋላ በኤንፒኤስ ቢተካም የዩሪያው አስፈላጊነት አልቀነሰም። የዩሪያው ዋና ድርሻ የሚጨመረው በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ከተዘራ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ያ ወቅት ካለፈ በኋላ የሚደርስ ዩሪያ ለገበሬው ዕዳ እንጂ ምርት አይሆንም። በመሆኑም በዚህ አገር ስለ ማዳበሪያ የሚገባ ማንኛውም ቃል በቀጥታ ከገበሬው ጎተራ ጋር የተያያዘ ነው።

ቃሉ እንዴት ተገባ?

በግንቦት 2002 ዓ.ም በተካሄደው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን አሸነፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ የጸደቀው የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም የሚዘልቅ ሲሆን፣ ዘመኑ ከምርጫው ዘመን ጋር የገጠመ ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ገዢው ፓርቲ ለመራጩ ሕዝብ የሰጠው የቃል ሰነድ ተደርጎ ቢወሰድ ስህተት አይሆንም።

ለምዕራቡ የሀገሪቱ ክፍል ከተነገሩት ሥራዎች ሦስቱ በተለይ ይጠቀሳሉ። አንደኛው በኢሉ አባ ቦር ያዩ በድንጋይ ከሰል የሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ ነው። ሁለተኛው የአርጆ ደዴሳ የስኳር ፋብሪካና የመስኖ እርሻው ነው። ሦስተኛው በብሔራዊ የባቡር መረብ ንድፍ ላይ የሰፈረው ከኢጃጂ ተነሥቶ በነቀምቴና በአሶሳ በኩል ኩርሙክ የሚደርሰው 460 ኪሎ ሜትር መስመር ነው።

ውጤቱ ሲመዘን

የያዩ ፋብሪካ ሥራ በ2004 ዓ.ም ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ታስቦ የነበረው በዓመት 300,000 ቶን፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ኩንታል ዩሪያ ነበር። ለአንድ ሄክታር በቆሎ 2 ኩንታል ተብሎ ቢሰላ 1.5 ሚሊዮን ሄክታር ይሸፍናል። ሆኖም በቢሊዮን የሚቆጠር ብር ከወጣ በኋላ እስከ 2010 ዓ.ም ድረስ ግንባታው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። በኅዳር 2011 ዓ.ም የኮርፖሬሽኑ ኃላፊዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲታሰሩ ገበሬው የሰማው ዜና የባከነውን ገንዘብ የሚመለከት ነበር። ስለ ማዳበሪያው ግን መልስ የሰጠው አልነበረም።

በስኳር በኩል ዕቅዱ የሀገሪቱን ዓመታዊ ምርት ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን ማድረስ ነበር፤ የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ ግን ግማሽ ሚሊዮን ቶን እንኳ አልሞላም። የአርጆ ደዴሳ ፋብሪካ ተተክሎ ስኳር ማውጣቱ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም መንግሥት ወደ ግል ለማዛወር ካቀረባቸው ስምንት የስኳር ፋብሪካዎች አንዱ ሆኗል። የባቡሩ ነገር ደግሞ አጭር ነው። ከኢጃጂ እስከ ነቀምቴ አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም።

ለዚህ ሁሉ በ2007 ዓ.ም የምርጫ ሣጥን ፊት ቀርቦ የተጠየቀ አልነበረም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ወሰዱ። ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ ይህ ነው። «ያዩ ምን ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት ያልተፈጸመ ቃል ዋጋ አያስከፍልም። በምክር ቤት ያልተሰማው ቅሬታ ከስድስት ወራት በኋላ በአደባባይ ተሰማ። በኅዳር 2008 ዓ.ም የተቃውሞው እሳት የተጫረው በዚሁ በነቀምቴ መንገድ ላይ በምትገኘው በጊንጪ ነበር።

አዲስ ቃል፣ የቆየ ችግር

ኢሕአዴግን የተካው የብልጽግና ፓርቲ በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም ምርጫ በዕለቱ ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ። በኦሮሚያ ሰፊ ደጋፊ የነበራቸው ኦነግና ኦፌኮ ከውድድሩ ወጥተው ስለነበር የወለጋ መራጭ የነበረው ምርጫ ጠባብ ነበር። ፓርቲው ከገባቸው ቃላት ቀዳሚው ሰላም ነው። ወለጋ ግን ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ በሚጠራው ታጣቂ ኃይል መካከል የጦርነት ቀጣና ሆኖ ቆየ። በሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በኅዳር 2016 ዓ.ም በዳሬ ሰላም የተደረገው ሁለተኛ ዙር ድርድርም ያለ ስምምነት ተበተነ።

የሰላም እጦቱ ከማዳበሪያው ጉዳይ የሚነጠል አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ የሚመጣው ዩሪያ ወለጋ የሚደርሰው በመኪና ብቻ ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ሾፌሮች ሲፈሩ ጭነቱ ይዘገያል፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ወደ ቀበሌው መውረድ ይሳነዋል። በ2014 ዓ.ም የዓለም ዋጋ ሲንር፣ በ2015 ዓ.ም ደግሞ ግዢው ዘግይቶ በብዙ የሀገሪቱ ክፍሎች እጥረት ሲከሠት፣ ያዩ ቢጠናቀቅ ኖሮ ጉዳቱ ምን ያህል ይቀል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም መንግሥት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት፣ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ በ40 ወራት ለመገንባት ተፈራረመ። በመስከረም 2018 ዓ.ም የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። ዩሪያን ከተፈጥሮ ጋዝ ማምረት ከድንጋይ ከሰል ይልቅ ስለሚቀል ቦታው መለወጡ በሙያ ዓይን የሚያስወቅስ አይደለም። ሥራውም ከሠመረ መላ ሀገሪቱን ይጠቅማል። ሆኖም ጎዴ በደቡብ ምሥራቅ፣ ወለጋ በምዕራብ ናቸው። የመንገዱና የማከፋፈያው ጉዳይ አብሮ ካልታሰበ የወለጋ ገበሬ እንደ ወትሮው የመስመሩ መጨረሻ ላይ መቆየቱ አይቀርም።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የያዩ ሒሳብ ተዘግቶ ለሕዝብ ይገለጽ። የወጣው ገንዘብ፣ የቀረው ንብረትና የቦታው የወደፊት ዕጣ ሊታወቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ የተመረጡ እንደራሴዎች በየዓመቱ ከዘር ወቅት በፊት ለወረዳቸው ሕዝብ የማዳበሪያውን መጠንና የመድረሻ ቀን በይፋ ይንገሩ፤ ካልደረሰም ተመልሰው ይጠየቁ። ሦስተኛ፣ የወለጋ ዩሪያ የክረምቱ ዝናብ ከመክበዱ በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን ይግባ። አራተኛውና ዋነኛው፣ የተቋረጠው ድርድር ይቀጥል።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው የአበው ብሂል ለአኖ ገበሬ እንግዳ አይደለም። የወደፊቱ ተመራጭ ቃል ከመጨመሩ በፊት ያደረውን ቃል ቢቆጥር፣ መራጩም ያንኑ ቢጠይቀው፣ ለአካባቢው ልማት ትልቅ እርምጃ ይሆናል።