የልጅ ቁመትና የአባት ኪስ

ማንም አባት ለልጁ የሚያወርሰውን ቤት፤ የሚያስተምርበትን ገንዘብ፤ የሚያስይዘውን ሥራ ያስባል። አሳቡ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን የልጅ አካልና አእምሮ የሚሠራበት ጊዜ እጅግ አጭር ስለ ሆነ፤ ውርሱ ሳይደርስ ወራሹ ቀንጭሮ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው።

የሕክምና ዐዋቂዎች እንደሚያስረዱት፤ ይህ ጊዜ ከጽንስ አንሥቶ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ያለው 1,000 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ በቂ ምግብ ያጣ፤ ወይም ተቅማጥና ሌላ በሽታ የተመላለሰበት ሕፃን፤ ቁመቱ ከዕድሜው በታች ይቀራል፤ የአእምሮውም ዕድገት ይጎዳል። ኋላ ጮማ ቢቆርጡለት የጎደለው ሁሉ አይመለስለትም። በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58፤ በ2008 ዓ.ም. 38 ነበሩ። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን፤ ከሁለት ዓመት በታች ባሉት ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል።

የሕፃን ምግብ የእናት ጉዳይ ብቻ ነው ማለት ልማድ ሆኗል። እናት ታበስላለች፤ እውነት ነው። ነገር ግን በብዙ ቤት የገበያውን ገንዘብ የሚቆጥረውና ምን ይሸጥ ምን ይቅር ብሎ የሚቆርጠው አባት ነው። ዶሮ የጣለችው እንቁላል ወደ ገበያ ይወጣል፤ ሕፃኑ በቀጭን አጥሚት ያድራል። ሥጋው ለአባወራው ይወጣና ለልጁ መረቁ ይተርፈዋል። በጾም ወራት ደግሞ፤ ጾሙ ሕፃኑን ባይመለከተውም፤ ድስቱ እንዳይነካ ተብሎ እንቁላሉና ወተቱ ይቀርበታል። በእርግጥ የሚያካፍለው ያጣ ድኻ አባት አለ፤ እርሱን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን መቀንጨር ያላቸው በሚባሉት ቤቶችም ይገኛል። በዚያ የጎደለው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው።

እንግዲህ የአባት ግዴታ ግልጽ ነው። ሚስቱ ስታረግዝና ስታጠባ ከወትሮው የበለጠ ምግብ እንድታገኝ ያድርግ፤ የውሃና የእንጨት ሸክም ያቅልላት። እስከ ስድስት ወር ሕፃኑ ከጡት በቀር ሌላ አያሻውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ፤ ወፈር ባለ ገንፎ ላይ እንቁላል፤ ወተት፤ ጥራጥሬና አትክልት እንዲጨመርለት አባት ኪሱን ይፍታ። ለንጹሕ ውሃና ለመጸዳጃ ቤት ይድከም፤ ልጁን ለማስመዘንም ከእናቲቱ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሹማምንትም ሕዝቡን ለግብርና ለመንገድ ሥራ ሲሰበስቡ ይህን ጉዳይ ለአባቶች ቢያስረዱ የአገር ሥራ ሠሩ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቀነስ የ3 ቀን ፈቃድ ይሰጠዋል። ከ1,000 ቀን 3 ቀን ጥቂት ነው፤ ነጋዴውና ባለድርጅቱ ከዚህ አብልጦ እንዳይሰጥ የሚከለክለው ሕግ ግን የለም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ ዛሬ በአንድ እንቁላል የሚረዳውን ልጅ ነገ በብዙ ወርቅ ማቃናት አይቻልም።